ማን ተበላ?

አማርኛ ስለ ቁማር ሲናገር ማስመሰል አያውቅም። ያገኘው «በላ»፣ ያጣው «ተበላ» ነው የሚባለው። ካርታ ሲበውዙ የሚያመሹ ጎረምሶች አጠገብ ብትቀመጡ «ስንት ተበላህ?» ሲባባሉ ነው የምትሰሙት። ቃሉ ጨካኝ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው። አንዱ ጠግቦ ሲነሣ ሌላው መበላቱን አይደብቅም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ጨዋታ» የሚባል የዋህ ቃል አለን። ወጉም ጨዋታ ነው፤ ገበጣውም፣ ብዩም፣ ኳሱም ጨዋታ ነው። እንግዳ ዝም ካለ «ኧረ ይጫወቱ!» እንለዋለን። ቁማሩም ጨዋታ ነው። ሰሞኑን የሚከነክነኝ፣ ይህ የዋህ ቃል ያንን ጨካኝ ቃል ከጀርባው ሸሽጎ በልጆቻችን ስልክ ውስጥ መኖር መጀመሩ ነው።

የነገሩ ስም ሉት ቦክስ ይባላል። በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚሸጥ፣ ተከፍሎበት እስኪከፈት ድረስ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ሣጥን ነው። በእግር ኳሱ ጌም የተጫዋቾች ካርድ የታሸገበት «ፓክ» ይሆናል፤ በተኩሱ ጌም ልብስና የመሣሪያ ቀለም የያዘ «ክሬት» ይሆናል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የሚሽከረከር መንኮራኩር ነው። ፊፋ በሚባለው፣ ዛሬ ስሙን ለውጦ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በተሰኘው ጌም፣ ይህ የፓክ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። እኔ የዕድል ሣጥን ብየዋለሁ።

ስሙን ግን ሳንመረምር አንለፍ፤ የቀድሞ ሙያዬ ያስገድደኛል። «ሉት» ማለት ምርኮ፣ ዘረፋ ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ አምባ የተጫነው መጽሐፍና ዘውድ፣ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ብራናዎች ጭምር፣ በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ሣጥኑ «የምርኮ ሣጥን» መሆኑ ነው። ልጁ ማራኪ የሆነ ይመስለዋል። ሣጥኑ ተከፍቶ ሲያበቃ ግን ንብረቱ የጎደለበት እሱ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ድብ ባሕርን ያውቃታል። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ለለቅሶ ወደዚያ ወርጄ ነበር። በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ሁለት ልጆች ባንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እነሱ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትጠብቁት?» አልኩ።

«ሣጥን ነው ጋሼ። ተጫዋች አለበት።»

«ማን አለበት?»

«እሱ ቢታወቅማ ለምን ይከፈታል!»

«ዋጋውስ ስንት ብር ነው?»

«ብር አይደለም፤ ኮይን ነው።»

«ኮይኑስ በምን ይገዛል?»

ልጁ ጓደኛውን አየ። ጓደኛው መሬት መሬቱን አየ። «ያው… በብር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሣጥኑ የመጀመሪያ ብልሃት ያለው እዚህች ላይ ነው። ብሩ በቀጥታ ሣጥን አይገዛም። መጀመሪያ ብሩ ኮይን ይሆናል፤ ፐብጂ ላይ ዩሲ ይባላል፤ ሌላው ጋ ሌላ ስም አለው። ከዚያ በኋላ ነው ኮይኑ ሣጥን የሚገዛው። ብር ስናወጣ እጃችን ቅር ይለዋል፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ ትዝ ይለናል። ኮይን ሲወጣ ግን ትዝ የሚል ነገር የለም። የሚሸጠውም የኮይን ጥቅልና የሣጥኑ ዋጋ በልክ ስለማይገጥሙ ሁልጊዜ ጥቂት ትተርፋለች፤ እሷን ላለማባከን ደግሞ ሌላ ይገዛል። የውጭ አገር የባንክ ካርድ የሌለው የኛ ልጅ እንዴት ይገዛል ትሉ እንደሆነ፣ በቴሌግራም «ዩሲ አለ» የሚሉ ቸርቻሪዎች አሉለት፤ ገንዘቡ በቴሌብር ይላካል። መነሻው ዋጋ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብራችን በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቀለምና ሥዕል አልተለወጠም፤ ድብ ባሕር ላይ ግን ዋጋው በእጥፍ ሊጠጋ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ብልሃት የትያትር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ከምነግራቸው ነገሮች አንዱ ልብ ሰቀላ ነበር። ደራሲው የምንፈልገውን ያውቃል፤ ግን ቶሎ አይሰጠንም። እግር ኳሱ ጌም ውስጥ ፓክ ሲከፈት አይቻለሁ፤ የልብ ሰቀላ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ጨለማ ይሆናል። ከዚያ ብርሃን ይፈነጥቃል። ቀጥሎ የተጫዋቹ አገር ባንዲራ ብቻ ይታያል። «ፈረንሳይ!» ይጮኻል ልጁ። ቀጥሎ የሚሰለፍበት ቦታ ይመጣል፤ አጥቂ ነው። ልብ ወደ ጉሮሮ ትወጣለች። ቀጥሎ ክለቡ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ግን ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተቀያሪ ነው። «ለትንሽ!» ይላል ልጁ፤ ሌላ ይከፍታል። «ለትንሽ» የተባለው ነገር የለም፤ የወጣው ካርድ ከምባፔ ጋር ጎረቤት አልነበረም። ቅርብ ያስመሰለው ትያትሩ ነው።

ጥሩ ልቦለድ ልባችንን ሰቅሎ ሲያበቃ ያወርዳታል። ጡዘት አለ፤ ከጡዘት በኋላ ልቀት አለ፤ መጽሐፉን ከድነን ስለ ሰው ልጅ አንድ ነገር ይዘን እንነሣለን። ሣጥኑ ልብ መስቀል እንጂ ማውረድ አልተማረም። ዶስቶየቭስኪ «ቁማርተኛው» የተባለውን ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1866 በ26 ቀናት ውስጥ አስጽፎ የጨረሰው፣ ዕዳ አንገቱ ድረስ ደርሶ፣ አሳታሚው ቀን ቆርጦበት ነው። እሱ ራሱ በሩሌት ብዙ የተበላ ሰው ነበር። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ ቁማርተኛን የሚይዘው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ኳሷ ከመቆሟ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ሣጥኑ የሚሸጠው ያችኑ ቅጽበት ነው።

ምሁራኑም ይህን ያውቁታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግቦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ጥሬው መቼ እንደሚመጣ ያላወቀች ርግብ ሳትታክት ትጠቁማለች። ሁልጊዜ የሚሰጣት ርግብ ስትጠግብ ታቆማለች፤ ጨርሶ የማይሰጣት ተስፋ ትቆርጣለች፤ አንዳንዴ የሚሰጣት ግን አታርፍም። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ሣጥኑም እንደዚያው።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። ምርጥ የሚባሉት ካርዶች ከፓክ የመውጣት ዕድላቸው ብዙ ጊዜ «ከ1 በመቶ በታች» ተብሎ ይጻፋል። ቸር ሆነን ድፍን 1 በመቶ እንበለው። «መቶ ከከፈትኩ አንዱ ይደርሰኛላ!» ይላል ልጁ። አይደለም። መቶ ልጆች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ፓክ ቢከፍቱ 37 ያህሉ የተመኙትን አንድም ጊዜ ሳያዩ ይቀራሉ። ሣጥኑ ደግሞ ትዝታ የለውም። መቶ ጊዜ ባዶ ስለወጣ መቶ አንደኛው ላይ አያዝንም። «አሁንስ ደርሷል» የሚለው የልጁ ልብ ነው። በሎተሪውም ቢሆን «ደረሰኝ» የምንለው ዕድል ከሩቅ አገር እየተጓዘች የምትመጣ ስለሚመስለን ይሆናል። ዕድል ግን አትጓዝም።

ታዲያ ይህ ቁማር ነው ወይስ አይደለም? የባሕር ማዶ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ከተጨቃጨቁ ቆይተዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የዚሁ ዘመድ የሆነውንና ሙሉ ስብስብ ላሟላ ትልቅ ሽልማት የሚሰጠውን ዓይነት ከለከለች። ቻይና ከ2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የእያንዳንዱን ዕቃ የመውጣት ዕድል በቁጥር እንዲገልጹ አዘዘች። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» የተባለው ጌም ሣጥን ይዞ ሲመጣ ተጫዋቾች እሪ አሉ፤ ነገሩም የፓርላማ ወሬ እስከ መሆን ደረሰ። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ፣ የፊፋን ፓክ ጨምሮ የተወሰኑ ጌሞች ሣጥን በአገሩ ሕግ ቁማር ነው አለ፤ በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ኩባንያው እዚያ አገር የፊፋ ነጥብ መሸጥ አቆመ። ኔዘርላንድስ ያንኑ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዩሮ ልትቀጣ ብላ ነበር፤ በ2022 የበላዩ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። ፓኩ የሰፊው ጨዋታ አካል እንጂ ራሱን የቻለ ጨዋታ አይደለም የሚል ነበር ምክንያቱ። በእንግሊዝ ፓርላማ ፊት በ2019 የቀረቡት የኩባንያው ተወካይ ደግሞ ይህ ሉት ቦክስ ሳይሆን «የማስገረሚያ ዘዴ» ነው፤ መጫወቻ በሆዱ እንደያዘው የቸኮሌት እንቁላል ቁጠሩት አሉ። ስም ማውጣት ከእኛ ሌላም የሚችል አለ ማለት ነው!

የኩባንያዎቹ ክርክር ግን ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ሣጥን ከፍቶ ባዶ እጁን የሚቀር የለም፤ አንድ ነገር ይወጣለታል። የወጣውም ዕቃ በደንቡ ወደ ገንዘብ አይመለስም፤ ስለዚህ «ውርርድ» ሊባል አይችልም ይላሉ። እኛም ብንሆን ቆርኪ ሥር ዕጣ ሲፈልግ የኖረ ሕዝብ ነን። ቢራና ለስላሳ ስንጠጣ ቆርኪውን በጥፍራችን ፍቀን አይተናል፤ ቁማርተኛ ያለን የለም።

እውነት ነው፤ ነገር ግን ቆርኪውን የፋቀ ሰው ቢራውን ጠጥቶታል። ዕጣው ምርቃት ነበር። በሣጥኑ ግን ቢራው የለም፤ ያለው ቆርኪው ብቻ ነው። ጠጪ ደግሞ ቢያንስ ሆዱ ሲሞላ ወይም ሲሰክር ያቆማል። ቆርኪ ብቻ የሚከፍት ሰው በምን ይጥገብ? «አንድ ነገር ይወጣለታል» የሚለውም ቢሆን፣ የማይፈልገውን ደጋግሞ የወጣለት ልጅ ምን አገኘ ይባላል? ወደ ገንዘብ አለመመለሱም ለልጁ ማጽናኛ አይሆነውም። ቁማርተኛ እንኳ አንዳንድ ቀን በልቶ ይገባል፤ ሣጥን ከፋች ግን በደንቡ መሠረት መበላት ብቻ ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዴቪድ ዜንድልና ፖል ኬርንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ7 ሺሕ በላይ ተጫዋቾችን ጠይቀው፣ የቁማር ችግሩ የከፋበት ሰው ለሣጥን የሚያወጣው ገንዘብም የበዛ መሆኑን አግኝተዋል። ቁማር የያዘው ሰው ወደ ሣጥን ይሳባል ወይስ ሣጥን ወደ ቁማር ይመራል? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ደግሞ ለወላጅ መልካም ዜና አይደሉም።

እኔ ግን ነገሩን በቤልጂየም ሚዛን ብቻ መመዘን አልፈልግም። የራሳችን ሚዛን አለንና።

እኛ ዕጣን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ የሚተካውን ሲሹ ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። በመስቀሉ ሥር ያሉት ወታደሮችም በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣው ያው ዕጣ ነው፤ ጣዮቹ ግን አንድ አይደሉም። በየሰፈራችን ያለውን ዕቁብ ተመልከቱ። ዕጣ አለው፣ ልብ ሰቀላም አለው፣ እልልታም አለው። የሚበላ ሰው ግን የለውም። ዕጣው የሚወስነው ተራን እንጂ ገንዘብን አይደለም፤ ዛሬ ያልወጣላት ነገ ይወጣላታል፤ ሁሉም የጣለውን ያነሣል። ወረቀቱ ሲጠቀለል ሁሉም ያያል፤ ዳኛው ይታወቃል፤ ጸሐፊው ይታወቃል። ገበጣችንም እንደዚሁ ነው፤ ጠጠሩ በየጉድጓዱ ተገልጦ ይታያል፤ የተሸነፈ ሰው የተሸነፈበትን ቆጥሮ ያውቃል። ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ቲኬቱን ሲሸጥ የኖረው ዕጣውን በአደባባይ እያወጣ ነው። የድሮው ፕሌይስቴሽን ቤት «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል ደንብ ነበረው፤ ጥሩ ደንብ ነው አልልም፤ ግን ማን ማንን እንዳሸነፈ ቤቱ ሙሉ ያያል።

ጎንደር ውስጥ የማውቃት አንዲት እናት አለች። የሰፈሯ ሴቶች አምነዋት የዕቁብ ገንዘብ ሰብሳቢ ናት፤ ገንዘቡን በስልኳ ታስቀምጣለች። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጇ የምሥጢር ቁጥሯን ያውቃል፤ የካርድ መሙላቱን ሥራ ለእሱ የሰጠችው ራሷ ናት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የአንድ ዙር ገንዘብ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ኮይን፣ ከኮይን ወደ ሣጥን ሄደ። ዕጣ የወጣላት ጎረቤት ገንዘቧን ልትወስድ ስትመጣ ነው የታወቀው። እናቲቱ የአንገት ወርቋን ሸጠች፤ አልሞላም። ባለ ዕጣዋ «እታገሥሻለሁ፣ እህቴ» ብላ አንድ ወር ጠበቀቻት። ልጁ አልሰረቅኩም ብሎ ነው የሚያለቅሰው፤ ሊመልሰው ነበር፤ ጥሩ ተጫዋች ከወጣለት ሒሳቡን በሙሉ ለጓደኛው ሊሸጠው ነበር። እናቲቱ ያለችኝን አልረሳውም፤ «ሌባ ቢሰርቀኝ ሌባ እለው ነበር። ይኼን ማን ልበለው?»

ስም ማጣቷ ነው ያሳዘነኝ። አንድ ሕዝብ ለደረሰበት ነገር ስም ካጣ ክስም አይኖረውም።

ለዕጣ ስም ስናገኝለት ምን ማድረግ እንደምንችል ግን አይተናል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከ25 ሺሕ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጣ። በቀናት ውስጥ መረጃው ውስጥ መብት የሌላቸው ስሞች መግባታቸው ተሰማ፤ ከተማው ዕጣውን ሰረዘው፤ ሰዎችም ተጠየቁበት። ሰው የተቆጣው ዕጣ ስላልወጣለት አይደለም፤ ዕጣ አለመውጣቱንማ ለዓመታት ለምዶት ነበር። የተቆጣው ዕጣው ዕጣ አለመሆኑን ሲሰማ ነው። ሶፍትዌርም ሊመረመር እንደሚገባው ያን ጊዜ ማንም አልተከራከረም።

ታዲያ በልጁ ስልክ ውስጥ ያለውን ዕጣ ማን መረመረው? ዳኛው ማን ነው? ጸሐፊውስ? ዕጣውን የሚያወጣው፣ ዋጋውን የሚተምነው፣ የዕድሉን መጠን የሚወስነውና ገንዘቡን የሚበላው አንድ አካል ነው። በስፖርት ውርርድ ቤቶች በር ላይ ቢያንስ «21+» የሚል ምልክት አለ፤ ይከበር አይከበር ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ መንግሥት ፈቃድ የሰጠበትና የሚጠይቅበት ቤት ነው። ሣጥኑ ግን በር የለው፣ ምልክት የለው፣ ፈቃድ የለው። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ «ለትንሽ!» ማለትን የተማረ ልጅ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ውርርድ ቤት ሲገባ ወይም በስልኩ የምትበረውን የአቪዬተር አውሮፕላን ሲከተል ጀማሪ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ተለማምዷል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ አብሮ የዘለለው ልጅ፣ ፋሲል በሌለበት ሣጥን ውስጥ የፈረንሳይ አጥቂ ሲያስስ ነው የሚያድገው።

ስልክ ይቀማ፣ ጌም ይዘጋ የሚል ሰው አይደለሁም። ልጆች ይጫወቱ፤ ጌሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ድንቅ ሥራ ነው፤ ብልሃትም ትዕግሥትም ያስተምራል። የምለው ሣጥኑ ከጨዋታው ይለይ ነው። ዕጣን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይህንንም ዕጣ ይበለው፤ ለልጅ መሸጥ ይከልከል። ለአዋቂ የሚሸጠውም ዋጋው በብር፣ ዕድሉ በአማርኛ በግልጽ ይጻፍ፤ እስከ ዛሬ የወጣው ገንዘብ ድምር ከመክፈቻው ቁልፍ አጠገብ ይቀመጥ። አስተማሪዎች የ37ቱን ልጆች ሒሳብ በክፍል ውስጥ ያስሉት፤ ከብዙ ምክር ይሻላል። ወላጅም የምሥጢር ቁጥሩን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት፣ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ሣጥን ሲከፈት ይይ።

ያን ቀን ታዲያ ብርሃኑ ሲፈነጥቅና ልጁ «ወጣልኝ! ወጣልኝ!» ብሎ ሲዘል አብራችሁት ደስ ይበላችሁ፤ ደስታው የልጅ ደስታ ነው። ትንፋሹ ሲመለስ ግን ጨካኙን ግን እውነተኛውን አማርኛ አትንፈጉት። «ልጄ፣ እንኳን ወጣልህ፤ ስንት ተበላህ?» በሉት።

ቸር ይግጠመን።